በእኔ ክንድ የተለካው ጠመንጃ

እኔ በሕይወቴ መርጬ የገዛሁት ነገር ጥቂት ነው። ሱሪዬን የምትመርጠው ሚስቴ ናት፤ መኪናዬን የመረጠልኝ ጎረቤቴ ነው፤ ሚስቴን ራሷን እንኳ በደንብ ሳስበው የመረጠችኝ እሷ ናት። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ሎስ አንጀለስን እያካለለ የአደን ጠመንጃ ሲያማርጥ ዋለ ቢሏችሁ አታምኑም። ያውም ክብደቱ ቀላል፣ ዒላማ የማይስት፣ ዋጋው ከጡረተኛ አቅም የማያልፍ። ያውም መጥተው ሊይዙት ለማይችሉ ሰው።

ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የሎስ አንጀለስ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ላይ ጋሼ ደምሴን የማያውቅ የለም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ለብዙ ዘመን የኤርፖርት ሻትል ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ክሬንሾው አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ የሚያወሩት ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ጌታና ስለ አደን። ጌታን ያገኙት እዚሁ አሜሪካ ነው። አደን ያስተማሯቸው ግን ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ስማቸውን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ “ወንድም ጋሼ” ነው የሚሏቸው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓቸው፣ ትምህርት ቤት ያስገቧቸው፣ ከአገር ሲወጡም የሸኟቸው ወንድም ጋሼ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዓይን ሳይተያዩ አርጅተዋል።

እናም በዚያ ዓመት ወንድም ጋሼ ሊመጡ ሆነ። ቪዛው ተመታ፣ ትኬቱ ተቆረጠ። በመከር ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሽማግሎች ተራራ ወጥተው እንደ ድሮው አብረው አጋዘን ያድናሉ። የቀረው ነገር ጠመንጃ ነው። የጋሼ ደምሴ ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠመንጃ ከሚባል ግንድ ቢባል ይሻለዋል።

“ለወንድም ጋሼ ሌላ መፈለግ አለብኝ” ይላሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። “ክንዱን ያመዋል፣ ስለዚህ ቀላል መሆን አለበት። የማይስት መሆን አለበት፤ እሱ ሳተ ከሚባል ጾሙን ቢያድር ይመርጣል። ውድ መሆን ደግሞ የለበትም፣ ይኸው እንደምታየኝ ነኝ።”

እኔን ያማከሩኝ በዩኒፎርሜ ምክንያት ነው። ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ ጥበቃ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ጋሼ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና “መሣሪያ ታውቃለህ ማለት ነው” አሉኝ። አይ ጋሼ፣ እኔ የምታጠቀው ባትሪ ነው፣ እሱም ካልመቱት አይበራም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በዚያ ዩኒፎርም እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አክብሮኝ አያውቅም።

“ትንሽ ትንሽ” አልኩ።

“እንግዲያው አብረን ሄደን እናያለን።”

“አንድ ቀን እንሄዳለን ጋሼ” አልኩ፣ ሁላችንም ላለመሄድ ስንፈልግ እንደምንለው።

ሐሙስ ዕለት ምግብ ቤቱ ስገባ እትዬ ዘነበች ሰላምታዬን እንኳ ሳትቀበል ክንዴን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ። እትዬ ዘነበች ማለት የፌርፋክስ ሐበሻ ሁሉ ሠርግ፣ ልደት፣ ለቅሶና ጥል በእጇ የሚያልፍ ሴት ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

“ወንድም ጋሼ አረፉ” አለችኝ። “ከአዲስ አበባ አሁን ደወሉልኝ። ተኝተው አድረው ነው፣ በቃ።”

ክው አልኩ። አይቻቸው የማላውቀው ሰው ናቸው፤ ግን ጋሼ ደምሴ ያን ያህል አውርተውልኝ የራሴ አጎት የሞተ ያህል ነው የተሰማኝ።

“ለጋሼ ደምሴ ተነገራቸው?”

“እንዴት ይነገራቸዋል? በስልክ? ብቻቸውን ቤት ቁጭ ብለው?” ተቆጣችኝ። “ልጃቸው ከሲያትል ነገ ማታ ነው የምትገባው። ፓስተሩም ነገ የሉም። ቅዳሜ በማለዳ ሁላችንም ሄደን እናረዳቸዋለን። ነገ ኦፍ ነህ አይደል?”

“ኦፍ ነኝ፣ ግን…”

“ግን የለም። ሶ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ አንተ ይዘሃቸው ትውላለህ። ስልካቸው እጃቸው እንዳይገባ። ፌስቡክ ላይ የለጠፈም ባለጌ አለ። እዚህ ሰፈር ደግሞ እንዳታመጣቸው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ፊቱን መደበቅ የሚችል የለም።”

“የት እወስዳቸዋለሁ ታዲያ?”

“እኔ ምን አውቄ! ደስ የሚላቸው ቦታ ውሰዳቸው።”

መቼም መርዶ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኛ ሞትን እንኳ ያለ ቀጠሮ አንነግርም። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት በሌሊት ይሰበሰባል፣ ያበቃል። እዚህ ግን የሰው ኦፍ ይጠበቃል፣ አውሮፕላን ይጠበቃል፣ ፓርኪንግ ይታሰባል። በመሃል ሟቹ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ አንድ ሁለት ቀን በሕይወት ይቆያል። እኔ የታዘዝኩት ያንን ሰው እንድጠብቅ ነው። ጥበቃ አይደለሁ?

ዓርብ በጠዋት ደረስኩ። ጋሼ ደምሴ ባርኔጣቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ስልክ። ገና መኪናው ውስጥ ሳይገቡ ስልኩን ተቀበልኳቸው።

“ባትሪው ሊያልቅ ነው ጋሼ፣ ቻርጅ ላድርግልዎት።”

ባትሪው ሙሉ ነበር። ድምፁን አጥፍቼ መቀመጫዬ ሥር ወሸቅሁት። ንዝረቱን ማጥፋት ግን ረሳሁ። ስለዚህ ያን ቀን ሙሉ ከአዲስ አበባ፣ ከሲያትል፣ ከየትም ከየትም የሚደወለው ሁሉ በእኔ መቀመጫ ሥር አለፈ።

“ምንድነው የሚነዝረው?” አሉ ጋሼ ደምሴ ገና ከሠፈራቸው ሳንወጣ።

“ሞተሩ ነው።”

“ይቺ መኪና አትቆይልህም።”

ፌርፋክስ አትውሰዳቸው ተብያለሁ። እሳቸው ግን ሻይ ሳይጠጡ ሰው አይሆኑም። “ዛሬ ሌላ ቦታ እንጠጣ” ብዬ አቋራጭ ነው ያልኩትን መንገድ ይዤ ስታጠፍ ስታጠፍ ራሴን ፌርፋክስ መሃል ቀይ መብራት ላይ አገኘሁት። መንገድ መምረጥም አልችልም ማለት ነው። ከምግብ ቤቱ በር ላይ አንድ የማውቀው ሰው ጋሼ ደምሴን አይቶ ኮፍያውን አወለቀና አንገቱን ደፋ። አጠገቡ የቆመችው አስተናጋጅ ሽርጧን በአፏ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

“ምን ሆነች ይቺ ልጅ?”

“ሽንኩርት ስትልጥ ይሆናላ።”

“ገና በጠዋቱ?”

“ምግብ ቤት አይደል ጋሼ፣ በጠዋት ነው የሚላጠው።”

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከሁሉም መኪና ቀድሜ ተነሳሁ። ጀርባቸው ወንበሩ ላይ ተጣብቆ “ቀስ! ቀስ!” አሉ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉኝ፤ “ለመሆኑ ዛሬ ነጻ ከሆንክ ለምን የወንድም ጋሼን ጠመንጃ አናይም?”

ምን እላለሁ? ደስ የሚላቸው ቦታ ውሰዳቸው ተብያለሁ። ደስ የሚላቸው ቦታ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ በልቤ ያወጣሁት ዕቅድ እንዲህ የሚል ነበር፤ እናያለን፣ እናማርጣለን፣ አንገዛም። ለሞተ ሰው ጠመንጃ እንዲገዙ አላደርግም። ያመጡልን ሁሉ ላይ እንከን አወጣለሁ። እንከን ማውጣት እንደሁ ሙያ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። ሻጩ ወጣት አንዱን አውርዶ ሰጣቸው። ጋሼ ደምሴ ጠመንጃውን በአንድ እጃቸው ከወገቡ ያዙና ክንዳቸውን ወደፊት ዘረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያም በለሆሳስ “አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር…” ማለት ጀመሩ።

ሻጩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አሜሪካ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ መሃል፣ ጠመንጃ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ ሰው አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ደንበኞች የያዙትን ዕቃ አስቀምጠው ቀስ ብለው ወጡ።

“የዕለት እንጀራችንን” ላይ ሲደርሱ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸውን ገለጡና መለሱለት።

“ከባድ ነው። ይህ የወንድም ጋሼ ሚዛን ነው” አሉኝ። “ልጅ ሆኜ ነው ያስተማረኝ። ጠመንጃ ዘርግተህ አባታችን ሆይን እስከ አሜን ካልቻልክ፣ ዳገት ላይ አትችለውም።”

“ልክ ነዎት፣ በጣም ከባድ ነው” አልኩ፣ ሳልነካው።

ሁለተኛው “ወደ ፈተና” ላይ ወደቀ። ሦስተኛው አሜን ደረሰ፤ ደነገጥኩ። እንደ እድል ሆኖ ሻጩ ሐቀኛ ነበር፤ በርሜሉ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ጥይት ከተተኮሰበት ይሞቅና ከዒላማው ይሸሻል አለ።

“ሰሙ ጋሼ? ይሞቃል!”

“ቢሞቅስ? ወንድም ጋሼ የሚተኩሰው አንድ ጥይት ነው።”

ምላጩን ሳብኩት። “ይህንንስ ያዩታል? ጥርስ እንደመንቀል እኮ ነው። ምላጩ እንዲህ ከጠነከረ እጅ ይነቀንቃል፣ እጅ ከተነቀነቀ ዒላማ ይስታል።” ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሻጩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጋሼ ደምሴ ደግሞ ልጁ እንደተመረቀለት አባት አዩኝ።

“ለካ አዋቂ ነህ!”

አዋቂ መባል ያሰክራል። የሰደፉን ቀለም ነቀፍኩ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን መቀመጫ ነቀፍኩ፣ ማንገቻውን ነቀፍኩ። ሻጩ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና አንድ ካርድ አወጣ። እናንተ የምትፈልጉት ጠመንጃ ከፋብሪካ አይወጣም፤ ከኖርዝ ሆሊውድ አለፍ ብሎ የሚሠራ ሰው አለ፣ ግማሹን የፋብሪካ ግማሹን በልክ አድርጎ ይሠራላችኋል፣ ዋጋውም አይከብድም አለን።

እኔው በገዛ አፌ ከማይገዙት ቦታ አውጥቼ ወደሚገዙት ቦታ ወሰድኳቸው።

የሰውየው ሱቅ ከጎማ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ጺሙ የሸበተ፣ መነጽሩን ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። ሥራው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። ዋናውን ብረት ከፋብሪካ ይገዛል፤ ጥሩ በርሜል ይገጥምለታል፤ ምላጩን ያለሰልሳል፤ ቀላል ሰደፍ በባለቤቱ ክንድ ልክ ቆርጦ ያለብሰዋል። ጋሼ ደምሴ ፍላጎታቸውን ሲነግሩት ራሱን አከከና በእናንተ ዋጋ አዲስ ልጀምር አልችልም አለ። እፎይ አልኩ። ወዲያው ግን ጣቱን አነሳ። አንድ አለኝ፣ ያዘዘው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ የተወው፣ ገዢ ያጣሁለት፣ ሰደፉ ብቻ የቀረ።

አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሼ ደምሴ ዘረጉት። አባታችን ሆይን አሜን አደረሱ። ክንዳቸው ንቅንቅ አላለም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሰውየው ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ፤ ሦስት ጥይት የተተኮሰበት ዒላማ ነው። ሦስቱ ቀዳዳ ተነካክተው አንድ የአዝራር ቀዳዳ መስለዋል። ቀላል ነው፣ አይስትም፣ ዋጋው ይቻላል። ጠመንጃውን ተቀብዬ አገላበጥኩ፣ እንከን ፍለጋ። እግዚአብሔር ይመስገን አገኘሁ! የጥይት ማጉረሻው እጀታ በተሳሳተ በኩል ነው።

“ጋሼ!” ብዬ ጮህኩ በደስታ። “ይህ እኮ የግራኝ ነው! ለዚህ ነው ገዢ ያጣው!”

ጋሼ ደምሴ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ወንድም ጋሼ ግራኝ ነው” አሉ። “ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ ተኳሽ ጠመንጃ ሲተኩስ የኖረ ግራኝ ነው። እይ የጌታን ሥራ! ተሠርቶ ይጠብቀው ኖሯል።”

ዓይናቸው እንባ ሞላ። የእኔም። እሳቸው ግን አብሬያቸው ደስ ያለኝ መሰላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከዚያ ልኬት መጣ። ፈረንጁ ጠመንጃውን የሚይዘው ሰው ክንድ ያስፈልገኛል አለ።

“ይኸው!” አሉ ጋሼ ደምሴ እኔን ወደፊት እየገፉ። “ወንድም ጋሼ ልክ አንተን ነው የሚያክለው። ትከሻው፣ ቁመቱ፣ ምን ቀረ! በመጀመሪያ ያየሁህ ቀን እሱን ነው ያስታወስከኝ። ክንድህን ዘርጋ። አይ፣ በግራህ።”

ፈረንጁ ከክርኔ እስከ ጣቴ በሜትር ለካኝ። ትከሻዬን ለካ። ጉንጬን ሰደፉ ላይ አስደገፈኝ። እኔ የሞተ ሰው ሆኜ ቆምኩ። ሰው ለሟች መቃብር ሲለካ አይቻለሁ፤ በሟች ፋንታ ተለክቼ ግን አላውቅም። ጋሼ ደምሴ እየዞሩ ያርሙኛል፤ “ጎንበስ በል፣ እሱ ትንሽ ጎንበስ ይላል። እንደሱ! አሁን ራሱን ሆንክ።”

“አንገቱ ረጅም ነው ወይስ አጭር?” ብሎ ጠየቀ ፈረንጁ።

ጋሼ ደምሴ አመነቱ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አላዩዋቸውም። “አርጅቶ አጥሮ ይሆናል እኮ” አሉ ለራሳቸው። ከዚያም ፊታቸው በራ፤ “ለምን አልጠይቀውም? ስልኬን አምጣልኝ፣ አሁን እደውልለታለሁ!”

ስልኩ ከውጭ መኪናው ውስጥ ነው፣ መቀመጫዬ ሥር።

“ጋሼ…” አልኩ። “አሁን እዚያ እኩለ ሌሊት ነው።”

“ለዚህማ ቢነሳ ደስ ይለዋል!”

“ተኝተዋል። ተዉ፣ አይቀስቅሷቸው።”

ትንሽ አዩኝ። “እውነትህን ነው” አሉ። “ይተኛ። ደካማ ነው።”

ቀጥሎ የመጣው የእኛው አገር ነገር ነው። ፈረንጁ ቀብድ ሲል ጋሼ ደምሴ ቦርሳቸውን አወጡ። በጭራሽ! አልኩ በሆዴ፤ ለዚህ እሳቸው አይከፍሉም። ካርዴን መዝዤ ባንኮኒው ላይ ወረወርኩ።

“እኔ ነኝ የምከፍለው ጋሼ።”

“ምን ቆርጦህ! ዞር በል።”

እጄን ያዙኝ። እጃቸውን ያዝኩ። ካርዴን ወረወሩት፣ አነሳሁት። ቦርሳቸውን ወደ ኪሳቸው መለስኩ፣ አወጡት። በሽማግሌ አቅማቸው ደረቴን ገፈተሩኝ፣ እኔ ወገባቸውን አቅፌ ወደኋላ ጎተትኩ። በጠመንጃ የተሞላ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በማያውቀው ቋንቋ እየጮሁ ሲታገሉ ያየ ፈረንጅ የሚያደርገውን አደረገ፤ ወደ ግድግዳው ተለጥፎ እጁን ከባንኮኒው ሥር ከተተ። “ኖ ፕሮብሌም! ኖ ፕሮብሌም!” እላለሁ እኔ፣ የጋሼን እጅ ሳልለቅ።

ልረታቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያኔ ጋሼ ደምሴ ቀና ብለው ዓይኔን አዩና ማሉ።

“ወንድም ጋሼ ይሙት አትከፍልም!”

እጄ በራሱ ተፈታ።

ይህን መሐላ ስንቴ ሰምታችኋል? በየድግሱ፣ በየጉርሻው፣ በየሂሳቡ ላይ እናታችንን፣ ወንድማችንን ይሙት ስንል ነው የምንውለው፤ የሚሞት የለማ። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ግን ቃሉ እንደ ድንጋይ ደረቴ ላይ ወደቀ። ከፈሉ። ፈረንጁ ሥራውም አልቆ፣ የካሊፎርኒያ መንግሥት የገዢ ማጣሪያም አልፎ፣ ወንድም ጋሼ ከመምጣታቸው በፊት ይደርሳል ብሎ ደረሰኝ ሰጣቸው። እሳቸውም በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ስንመለስ ፍሪዌዩ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ጋሼ ደምሴ የመጀመሪያ ድኩላቸውን እንዴት እንደሳቱ፣ ወንድም ጋሼ ለሰው ሁሉ “ደምሴ ገደለ” ብለው እንዴት እንዳወሩላቸው አጫወቱኝና በመሃል እንቅልፍ ወሰዳቸው። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ፈገግ እንዳሉ ተኙ። መቀመጫዬ ሥር ስልኩ ይነዝራል። እኔ እዚያው ሰልፍ መሃል መሪዬን ይዤ አለቀስኩ። አጠገቤ በነበረው መኪና ውስጥ ያለች ሴትዮ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ሶፍት ሰጠችኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በትራፊክ ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ከዚህ ተረዳሁ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተሰበሰብን። ነጠላ የለበሰ ሁሉ ፓርኪንግ ፍለጋ ብሎኩን ይዞራል። ፓስተሩ አሉ፣ ከሲያትል የመጣችው ልጃቸው አለች፣ እትዬ ዘነበች እጇን እያወራጨች ሰው ታሰልፋለች። “ድምፅ እንዳታሰሙ! ፓስተር ይቀድማሉ፣ ከዚያ ልጅቷ፣ ከዚያ እኛ። እሺ?” ሁሉም በሹክሹክታ እሺ አለ። እኔም መኪናዬን ሎክ አደርጋለሁ ብዬ የተሳሳተውን ቁልፍ ተጫንኩ።

አላርሙ ሠፈሩን አናጋው። ውሻ ጮኸ፣ የፎቅ መብራት በራ፣ እኔ ቁልፉን ብጫን ብጫን አልጠፋ አለ። እትዬ ዘነበች ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የጋሼ ደምሴ በር ተከፈተ። በፒጃማቸው ላይ ኮታቸውን ደርበው ብቅ አሉና እኔን ብቻ አዩ።

“ምነው ልጄ? ዛሬም ሞተሩ ነው?”

ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ነጭ ለባሽ ሁሉ አዩ።

በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሐበሻ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ፓስተሩን አዩ። ሲያትል መሆን የሚገባትን ልጃቸውን አዩ። የሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዞረው ወደኔ መጡ።

“እሱ ነው?”

አንገቴን ደፋሁ።

“ትናንት ታውቅ ነበር?”

አላርሙ ያኔ ዝም አለ። ልጃቸው መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ቤት ገባን። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ፓስተሩ አጽናኑ፣ መዝሙር በቀስታ ተዘመረ። ጋሼ ደምሴ ግን አላለቀሱም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። ሰው ሲናገራቸው አይሰሙም። ውሃ ሲሰጧቸው አይቀበሉም። ከንፈራቸው ነጥቷል።

“ካላለቀሱ ይጎዳሉ” አለችኝ እትዬ ዘነበች በጆሮዬ። “ልባቸው ደካማ ነው። አንድ ነገር በላቸው እስቲ፣ አንተን ይወዱሃል።”

ይወዱኝ ነበር በሏት። በሩ አጠገብ ጥግ ይዤ ነው የቆምኩት፣ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ እንዳያርፍ። ትናንት ያልኳቸው ሁሉ በየተራ ትዝ ይለኛል። ሽንኩርት። ሞተር። ተኝተዋል፣ አይቀስቅሷቸው።

“አንተ” አሉኝ ጋሼ ደምሴ ድንገት። “ና፣ መሃል ቁም።”

ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግሁ። ሄጄ ምንጣፉ መሃል ቆምኩ።

“ክንድህን ዘርጋ።”

ዘረጋሁ።

“በግራህ።”

ገባኝ። ቀኜን አውርጄ ግራዬን ዘረጋሁ፣ ጣቶቼን የሌለ ጠመንጃ ወገብ ላይ እንደጨበጠ ሰው አጠፍኩ፣ ወንድም ጋሼ እንደሚያደርጉት ትንሽ ጎንበስ አልኩ።

ጋሼ ደምሴ ተነሱ። ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ፤ “በአባቶቼ ቤት ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው መሃል ይወጣል። የወንድሜ ጠመንጃ ገና አላለቀም። ልኩ ግን ይኸው፣ በዚህ ልጅ ክንድ አለ።”

ፓስተሩ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በዙሪያዬ መሄድ ጀመሩ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ከዚያ በዚያ ሁሉ የመዝሙር ዘመን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ከሆዳቸው ወጣ።

“ለታመመ ክንዱ ቀላል ስመርጥለት፣
ባዶ እጁን ሄደብኝ እኔ ሳልደርስለት።”

አለቀሱ። ልጅ ሆነው አለቀሱ፣ “ወንድም ጋሼ! ወንድም ጋሼ!” እያሉ። ቤቱ ሁሉ አብሮ ተነሳ። እትዬ ዘነበች ደረቷን መታች፤ የጎረቤት ሜክሲኳዊት ሴትዮ በር ላይ ቆማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ አለቀሰች። እኔ ብቻ እንዳላነባ ተጨንቄ፣ ክንዴን እንደዘረጋሁ፣ የሌለውን ጠመንጃ ይዤ ቆምኩ። ክንድህን አውርድ ያለኝ የለም።

ለቅሶው በረድ ሲል ፓስተሩ “እንጸልይ” አሉ። ሁሉም ቆመ። ጋሼ ደምሴ ራሳቸው ጀመሩት፣ በደከመ ድምፅ።

“አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር…”

ሁሉም ተቀበለ። “የዕለት እንጀራችንን” ላይ ስንደርስ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባዶ ነው፣ ምንም አልያዝኩም፤ ግን ከመደብሩ ጠመንጃ ሁሉ ይከብድ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ። “በደላችንን ይቅር በለን” ሲባል ክንዴ ወደታች ወረደ። ጋሼ ደምሴ ጸሎቱን ሳያቋርጡ መጥተው መዳፋቸውን ከክርኔ ሥር አደረጉና ወደላይ ደገፉኝ፤ አሜን እስኪባል ድረስ አልለቀቁኝም።